ሽቦውና ሲኒው

ላሊበላ ውስጥ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆሞ ሽቅብ የተመለከተ ሰው ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያያል። አንደኛው ኮረንቲውን የሚያሳልፈው ሽቦ ነው፤ በአገራችን ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋው መስመር በብዛት አሉሚኒየም ነው። ሁለተኛው ሽቦውን ከምሰሶው ለይቶ የያዘው፣ የመስመር ሠራተኞች ቅርጹን አይተው ሲኒ የሚሉት ዕቃ ነው። ሲኒው ስሙን ያወረሰው የቡና ሲኒ ከሚሠራበት ዓይነት ነጭ አፈር ተቦክቶ በኃይለኛ እሳት የበሰለ ነው። የአንዱ ሥራ ማሳለፍ፣ የሌላው ሥራ ማገድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲገለጽ ያስደነግጣል፤ ሲኒው ኮረንቲን የሚቋቋምበት አቅም ከሽቦው ቢያንስ በ1 ላይ 18 ዜሮ በተደረደረበት ቁጥር ይበልጣል። እንዲህ ሰማይና ምድር የሆነ ጠባይ ያላቸው ሁለት ነገሮች ከተለያየ ንጥረ ነገር የተሠሩ ቢመስለን አይፈረድብንም። ነገር ግን ሲኒ የሚሠራበት ነጭ አፈር፣ ካኦሊን የሚባለው፣ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አሉሚኒየም ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ የሚያሳልፈውም የሚያግደውም አሉሚኒየም አለበት ማለት ነው።

ነገሩ በምሰሶው ላይ አያበቃም። ላሊበላ የቆመችበት የላስታ ተራራማ ምድር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ እየፈሰሰ በተከማቸ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነባ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉትም ከዚሁ ባዛልታዊ፣ ባለ ቀዳዳ ቀይ ድንጋይ ነው። ባዛልት በሚባለው የድንጋይ ወገን ውስጥ በተለምዶ ከመቶ 8 እጅ ገደማ አሉሚኒየም፣ ያንኑ ያህል ብረት ይገኛል። የቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ቅላት ራሱ የብረት ምልክት ነው፤ የዛገ ብረት ቀለም ነው። ድንጋዩን የፈለፈለው መሮ ብረት ነው፤ የተፈለፈለውም ድንጋይ ብረት አለበት። ሆኖም መሮው ኮረንቲ ያሳልፋል፤ ደረቁ ድንጋይ ግን ያግዳል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ነገር ከዚህ ይነሣል። አንድ ነገር ኮረንቲ ማሳለፍ አለማሳለፉን የሚወስነው የአቶሞቹ ስም አይደለም፤ አቶሞቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የገቡት ውል ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው መልስ ስሕተት ባይሆንም ግማሽ ነው፤ ግማሽ በመሆኑም ብዙ ተማሪ የቀረውን ሳያገኝ ይቀራል።

የተማርነውን ግማሽ በቅድሚያ በትክክል እናስቀምጠው። እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1897 ከአቶም እጅግ የሚያንስና አሉታዊ ሙል፣ በተለመደው አነጋገር ኔጌቲቭ ቻርጅ፣ የተሸከመ ቅንጣት መኖሩን አረጋገጠ። ዛሬ ኤሌክትሮን የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ደግሞ ኧርነስት ራዘርፎርድ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ በመካከሉ ባለች እጅግ ጠባብ እምብርት ውስጥ የተከማቸ መሆኑን አስረዳ። ይህች እምብርት፣ ኒውክለስ የምትባለው፣ አዎንታዊ ሙል አላት፤ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሷ ትስባለች። የአሉሚኒየም አቶም እምብርት 1 ሚሊ ሜትር የምታህል የጤፍ ፍሬ ብትሆንና በቤተ መድኃኔዓለም ወለል መካከል ብትቀመጥ፣ አቶሙ ራሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዳርና ዳር ትንሽ ያልፋል። የቤተ መድኃኔዓለም ርዝመት 33 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የአቶሙ ስፋት ደግሞ 38 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ቦታ ውስጥ ያሉት 13 ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው።

እነዚህ 13 ኤሌክትሮኖች እንደ ልባቸው አይበተኑም። በደርብ በደርብ ይኖራሉ፤ በመጀመሪያው 2፣ በሁለተኛው 8፣ በመጨረሻው 3። የውስጦቹን 10 እምብርቷ አጥብቃ ይዛቸዋለች፤ ከውጭ ያሉትን 3 ግን የውስጦቹ ስለሚጋርዷት የምትይዛቸው ላላ አድርጋ ነው። መዳብ 29፣ ብር 47፣ ወርቅ 79 ኤሌክትሮኖች አሏቸው፤ ሦስቱም በመጨረሻው ደርብ ላይ አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ ይዘዋል። የትምህርት ቤቱ መልስ እንግዲህ የሚከተለው ነው፤ ውጫዊ ኤሌክትሮኖቻቸው የላሉ ንጥረ ነገሮች ያሳልፋሉ፣ አጥብቀው የያዙት ያግዳሉ። መልሱ ያምራል፤ ለፈተናም ይበቃል። ሲኒው ፊት ሲቀርብ ግን ይንገዳገዳል። በሲኒው ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እምብርቱም፣ የኤሌክትሮኖቹ ቁጥርም፣ የደርቦቹ ብዛትም ከሽቦው አሉሚኒየም በምንም አይለይም። ልዩነቱ በአቶሙ ውስጥ ካልሆነ የት ነው?

ልዩነቱ በአቶሞቹ መካከል ነው። አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም ጋር ብቻ ሲሰበሰብ አቶሞቹ እጅግ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ የመጨረሻ ደርቦቻቸውም እርስ በርስ ይደራረባሉ። ያን ጊዜ ከውጭ ያሉት 3 ኤሌክትሮኖች የማን እንደሆኑ መለየት አይቻልም። በገጠር የወል ግጦሽ የሚባለው መሬት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል። መሬቱ የማንም ብቻ አይደለም፤ የመንደሩ ከብት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይዘዋወርበታል፤ መንደሩ ሳይበተን የሚኖረውም በከፊል የጋራ ነገር ስላለው ነው። በብረታ ብረት ውስጥም የጋራ የሆኑት ኤሌክትሮኖች ከዳር እስከ ዳር ይንቀሳቀሳሉ፤ አቶሞቹንም አንድ ላይ አስረው የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል። ከብት ጠዋት ወጥቶ ማታ ወደ ጌታው ቤት ይመለሳል፤ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ግን የሚመለሱበት በረት የላቸውም። በአንድ ሜትር ኩብ መዳብ ውስጥ እንዲህ ያሉ የጋራ ኤሌክትሮኖች ብዛት በ85 ላይ 27 ዜሮ ተደርድሮ የሚጻፍ ነው።

ኦክስጂን ሲገባ ሁሉም ነገር ይለወጣል። የኦክስጂን አቶም በመጨረሻው ደርብ ላይ 6 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ደርቡ የሚሞላው በ8 ስለሆነ 2 ይጎድሉታል። እነዚህን ለማግኘት ያለው ስበት ከንጥረ ነገሮች ሁሉ በፍሎሪን ብቻ የሚበለጥ ነው። ሁለት አሉሚኒየም 6 ይሰጣሉ፤ ሦስት ኦክስጂን 6 ይወስዳሉ፤ ሒሳቡ ያለ ቀሪ ይዘጋል። ለወል የሚተርፍ አንድ ኤሌክትሮን የለም። በሲኒውና በላስታ ድንጋይ ውስጥ ሲሊከንም በዚሁ ውል ውስጥ አለ፤ እያንዳንዱ ሲሊከን በአራት ኦክስጂኖች ተከቦ የመጨረሻ ኤሌክትሮኖቹን ከእነርሱ ጋር በጥብቅ ጥንድ አስሯል። ግጦሹ ተከፋፍሎ በየአጥሩ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ላሊበላ ላይ ከእግራችን በታች ያለው ግዙፍ የአሉሚኒየምና የብረት ክምችት ኤሌክትሮኖቹን በኦክስጂን የተነጠቀ ክምችት ነው።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይገባል። በሽቦ ውስጥ የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች መሆናቸውን ማን አየ? የአሉሚኒየሙ አቶሞች ራሳቸው እየተጓዙ ቢሆንስ? ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ የፊዚክስ ሊቃውንትም አንስተውታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሪከ የመዳብ፣ የአሉሚኒየምና የመዳብ ዱላዎችን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ለአንድ ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ኮረንቲ አሳለፈባቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1901 አወጣ። አቶሞች የሚጓዙ ቢሆን ኖሮ መዳቡ ወደ አሉሚኒየሙ፣ አሉሚኒየሙ ወደ መዳቡ መግባት ነበረበት፤ ክብደታቸውም ይለወጥ ነበር። ዱላዎቹ ተለያይተው ሲመዘኑ የሚቆጠር ለውጥ አልተገኘም። የሚጓዘው ነገር በመዳብም በአሉሚኒየምም ውስጥ አንድ ዓይነት የሆነ፣ የሁሉም የጋራ ነገር መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካውያኑ ሪቻርድ ቶልማንና ዴል ስቱዋርት ጉዳዩን በሌላ በኩል ዘጉት። የሽቦ ጥቅል በኃይል አሽከርክረው ድንገት አቆሙት። መኪና ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት እንደሚወረወር፣ በሽቦው ውስጥ ያሉት ልቅ ቅንጣቶችም ሽቦው ከቆመ በኋላ ለቅጽበት ወደ ፊት ገፉ፤ ያቺ ቅጽበታዊ ኮረንቲ ተለካች። ከልኬቱ የተገኘው የሙልና የክብደት ንጽጽር ከኤሌክትሮን ጋር ተቀራረበ። ሙሉም አሉታዊ ነበር።

ኤሌክትሮኖቹ ግን እንደሚታሰበው አይሮጡም። በተለመደ የቤት ሽቦ ውስጥ በኮረንቲው ግፊት የሚያዘግሙት በሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ማብሪያው ሲጫን አምፖሉ ወዲያው የሚበራው ግፊቱ በመስመሩ ሁሉ ከብርሃን ፍጥነት በማይርቅ ፍጥነት ስለሚዳረስ ነው፤ ቱቦው አስቀድሞ ውሃ ከሞላ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው ወዲያው እንደሚወጣ ማለት ነው።

ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ጠንካራ ነው። አሉሚኒየም ለወል 3 ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ መዳብ፣ ብርና ወርቅ አንድ አንድ። ነገር ግን ከሁሉም የተሻለ የሚያሳልፈው ብር ነው፤ መዳብ ይከተለዋል፤ ወርቅ ሦስተኛ፣ አሉሚኒየም አራተኛ ነው። ብዙ የሰጠው ለምን ያነሰ አሳለፈ? እዚህ ላይ የወል ግጦሽ ምሳሌዬን ትቼ ሌላ ነገር ማምጣት ግድ ይለኛል። ፌሊክስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳስረዳው፣ ኤሌክትሮን በጠጣር ነገር ውስጥ የሚሄደው እንደ ማዕበል ነው። አቶሞቹ ፍጹም ሥርዓት ባለው ሰልፍ ቢደረደሩ ማዕበሉ ሳይደናቀፍ ባለፈ ነበር። የሚያደናቅፉት ከሰልፍ መውጣቶች ናቸው፤ ሙቀት የሚያንቀጠቅጣቸው አቶሞች፣ የገባ ባዕድ አቶም፣ ስንጥቅ። ስለዚህ ስንት ኤሌክትሮን አለ ከሚለው ጥያቄ ጋር ስንት ጊዜ ይደናቀፋል የሚለውም መጠየቅ አለበት፤ በብርና በመዳብ ውስጥ መንገዱ የተሻለ ቀና ነው። ማስረጃው ሙቀት ነው። የአሉሚኒየም ሽቦ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ተቃውሞው ከሺህ 4 እጅ ያህል ይጨምራል። የላስታ ሌሊት ከቀኑ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ያው መስመር ከመቶ 4 እጅ ያህል የተሻለ ያሳልፋል። ነሐስም ይህንኑ ይመሰክራል፤ መዳብ ውስጥ ሌላ ማዕድን ሲቀየጥ የማሳለፍ አቅሙ በብዙ እጥፍ ይወርዳል፤ የተቀየጠው ነገር ራሱ አስተላላፊ ቢሆንም እንኳ። የሰልፉ መበላሸት ካልሆነ በስተቀር ለዚህ ሌላ ምክንያት የለም።

የብሎክን ሐሳብ አላን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1931 ሲያሰፋው የላሊበላን ድንጋይ ቀለም ጭምር የሚገልጥ ነገር ወጣ። በጠጣር ነገር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሊኖሩባቸው የሚችሉት የኃይል ደረጃዎች ሰፋፊ መደቦች ይሆናሉ፤ በመደብና በመደብ መካከል ማንም ሊቆምበት የማይችል ክፍተት አለ። መደቡ በከፊል ብቻ ከተሞላ ኤሌክትሮኖቹ መንቀሳቀሻ አላቸው፤ ይህ ብረታ ብረት ነው። መደቡ ጥቅጥቅ ብሎ ከሞላና ቀጣዩ ባዶ መደብ ሩቅ ከሆነ ንቅንቅ የለም፤ ይህ ሲኒ ነው። የክፍተቱ ስፋት ኤሌክትሮን ቮልት በሚባል መለኪያ ይለካል። በተለመደ የአየር ሙቀት አንድ ኤሌክትሮን በእጁ የሚይዘው 0.025 ያህል ብቻ ነው። የንጹሕ ነጭ ድንጋይ፣ ኳርትዝ፣ ክፍተት 9 ገደማ ነው፤ በዚህ ሙቀት የሚሻገረው አይታሰብም።

በቀዩ ድንጋይ ውስጥ ያለው የዛገ ብረት፣ ሔማታይት የሚባለው፣ ክፍተቱ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ይህ ለሙቀት እጅግ ሰፊ ነው፤ ለብርሃን ግን አይደለም። ሰማያዊ ብርሃን በአንዲት ቅንጣቱ 2.7 ያህል ይዟል፤ ስለዚህ በሔማታይት ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ውጦ ክፍተቱን ይዘላል። ቀይ ብርሃን የያዘው 1.8 ያህል ነው፤ አያዘልለውም፤ ስለዚህ ቀዩ ሳይዋጥ ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። የቤተ ጊዮርጊስ ቅላት እንግዲህ ድንጋዩ ኮረንቲ የማያሳልፍበትን ክፍተት ስፋት በዓይን የሚያሳይ ልኬት ነው። እኔ በዚህ ርእስ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ቀለምና ኮረንቲ የተለያዩ ሁለት ትምህርቶች ይመስላሉ እንጂ የአንድ ነገር ሁለት ገጾች ናቸው። የመስኮት መስተዋት ጥርት ብሎ የሚያሳየው ክፍተቱ ለሚታየው ብርሃን ሁሉ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ በዚያው ምክንያት ኮረንቲ ያግዳል። ብረታ ብረት ደግሞ የሚያብለጨልጨው ክፍተት ስለሌለው ነው፤ የወሉ ኤሌክትሮኖች የመጣውን ብርሃን መልሰው ያንጸባርቁታል።

በመስተዋትና በብረት መካከል ሲሊከን አለ። በድንጋይ ውስጥ ከኦክስጂን ጋር ሲታሰር ከላስታ ምድር ክብደት ሩብ ያህል የሚሆነው ይኸው ሲሊከን፣ ከኦክስጂን ሲለይ ክፍተቱ 1.1 ብቻ ነው። የሚታየው ብርሃን ሁሉ ይህን ለማዘለል ይበቃል፤ በቤት ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የሶላር ሰሌዳ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ የሚሆነውና ከፀሐይ ኮረንቲ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ሲሊከን ለአስተማሪ የሚሰጠው ሌላም ማስረጃ አለ። እንደ አሉሚኒየም ሽቦ ሲሞቅ አይከፋም፤ ንጹሕ ከሆነ ሲሞቅ ይበልጥ ያሳልፋል፤ ተሻጋሪው ስለሚበዛ። ባዕድ አቶምም ብረታ ብረትን እንደሚያደናቅፍ አያደናቅፈውም። ከሚሊዮን የሲሊከን አቶሞች መካከል አንዱ በፎስፎረስ ቢተካ፣ ፎስፎረስ በመጨረሻው ደርብ 5 ኤሌክትሮን ስላለው፣ ከአራቱ ጥንዶች የተረፈችው አምስተኛዋ ነፃ ትወጣለች፤ ንጹሑ ሲሊከን ያሳልፍ የነበረውም በሚሊዮን እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስልክም ኮምፒዩተርም በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። የላስታን ክረምት ያየ ሰው ድንጋይ ያግዳል የሚለውን አይቀበልም። መብረቅ ገደል ላይ ይወርዳል፤ ከዛፍ ሥር የተጠለለ ከብት በመሬቱ በኩል በሚሄደው ኮረንቲ ይሞታል። እውነት ነው፤ ተቃውሞውም መከራከሪያዬን እንዳጠራው ያስገድደኛል። እርጥብ ድንጋይ ሲያሳልፍ የሚያሳልፈው በቀዳዳዎቹና በስንጥቆቹ ውስጥ የገባው ውሃ ነው፤ ውሃውም ቢሆን በውስጡ በሟሟው ጨው አማካይነት ነው። ጨውን ለመረዳት ከአሞሌ የተሻለ አስተማሪ የለም። ከአፋር ምድረ በዳ ተቆርጦ በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ላስታ ደጋ ይወጣ የነበረው፣ በአገራችን ለዘመናት እንደ ገንዘብም ያገለገለው አሞሌ፣ ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ሶዲየም አንዲት ውጫዊ ኤሌክትሮኑን ሰጥቷል፤ ክሎሪን ተቀብሏል፤ ሁለቱም ሙል ያላቸው አዮኖች ሆነዋል፤ ተጠጋግተው በሰልፋቸው ተቆልፈዋል። ስለዚህ ደረቅ አሞሌ ኮረንቲ ያግዳል። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቁልፉ ይፈታል፤ አዮኖቹ ራሳቸው ሙላቸውን ተሸክመው ይጓዛሉ። እዚህ ላይ የሚጓዘው ኤሌክትሮን ብቻውን አይደለም፤ አቶሙ ነው። ሪከ በመዳብ ውስጥ ፈልጎ ያጣው የአቶም ጉዞ በጨው ውሃ ውስጥ በየቀኑ ይታያል። ኤሌክትሪሻኖች ድንጋያማ ቦታ ላይ ለመሬት ማያዣ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ጨውና ከሰል የሚጨምሩበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ደረቅ ድንጋይ የመብረቁን ኃይል አይቀበልም፤ ጨው ያለው እርጥበት ግን ይቀበላል።

ከሰሉ ደግሞ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ካርቦን ብረታ ብረት አይደለምና። ሆኖም ኮረንቲ ያሳልፋል። የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን የባትሪ ድንጋይ እንለዋለን። በተለመደው የባትሪ ድንጋይ መካከል የቆመችው ጥቁር ዘንግ ካርቦን ናት፤ ኮረንቲውን የምታወጣውም እርሷ ናት። አልማዝም ካርቦን ነው፤ ክፍተቱ 5.5 ስለሆነ ያግዳል። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ ካርቦን 4 ኤሌክትሮኖቹን ሁሉ ከ4 ጎረቤቶች ጋር አጣምሯል። በዘንጓ ውስጥ በገጽ በገጽ ተነባብሮ ከ3 ጎረቤቶች ጋር ብቻ ይጣመራል፤ አራተኛዋ ኤሌክትሮን በገጹ ላይ የወል ትሆናለች። በእንጨት ከሰል ውስጥ እነዚህ ገጾች የተቆራረጡና የተዘበራረቁ ስለሆኑ የሚያሳልፈው በአክሳሰሉ ሙቀት መጠን ነው። ከአንድ ንጥረ ነገር፣ ባዕድ ነገር ሳይገባበት፣ የሚያሳልፍም የሚያግድም መውጣቱ ክርክሩን ከሲኒውም ይበልጥ ይረዳዋል።

ከኦክስጂን ጋር የተገባው ውል ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የሚታወቀው ለመፍታት በሚከፈለው ዋጋ ነው። ብረትን ከድንጋዩ ለመለየት የጥንት አቅላጮች ከሰልና ወናፍ በቅቷቸዋል፤ ከሰሉ ኦክስጂኑን ከብረቱ ይወስደዋል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ባለ ምድጃ አይፈታም፤ ለዚህም ነው በምድር ቅርፊት ከብረት የበዛ ሆኖ ሳለ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሳያገኘው የኖረው። ቻርልስ ሆልና ፖል ኤሩ እ.ኤ.አ. በ1886፣ አንዱ አሜሪካ ሌላው ፈረንሳይ ሆነው፣ በኮረንቲ ኃይል የሚለዩበትን ዘዴ አገኙ። ዛሬም አንድ ኪሎ አሉሚኒየም ለማውጣት ከ13 እስከ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተይዞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ያ ኃይል ወደ ሰው ቤት የሚደርሰው ኤሌክትሮኖቹ በብዙ ኃይል ከኦክስጂን ተላቅቀው በተመለሱለት ማዕድን ነው። መዳብ የተሻለ እያሳለፈ አሉሚኒየም የሚመረጠው በክብደቱ ነው፤ የመዳብን 60 በመቶ ያህል ያሳልፋል፣ ክብደቱ ግን ከመዳብ 30 በመቶ ብቻ ነው። በላስታ ገደል ላይ ከተራራ ተራራ ለሚንጠለጠል ሽቦ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለጥንካሬ መካከሉ ላይ የብረት ሽቦ ይገባለታል።

ኦክስጂን ግን የተነጠቀውን አይተውም። የአሉሚኒየም ሽቦ አየር በነካው ቅጽበት በላዩ ላይ ከሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሚወፍር ልባስ ይሠራል፤ ይህ ልባስ ያ ያለ ቀሪ የተዘጋው የሁለት አሉሚኒየምና የሦስት ኦክስጂን ውል ነው። ሽቦው በሲኒው ዓይነት ነገር ተሸፍኗል ማለት ነው። ልባሱ ውስጡን ከመበላት ይጠብቀዋል፤ በመጋጠሚያ ላይ ግን ኮረንቲውን ያግዳል፤ መጋጠሚያው ይግላል፤ ይቃጠላል። የመስመር ሠራተኛ ሁለት የአሉሚኒየም ሽቦ ከማገናኘቱ በፊት ፍቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ በኃይል የሚጨምቀው ለዚህ ነው። ወርቅ ይህ ችግር የለበትም። ከኦክስጂን ጋር በተለመደ ሁኔታ ውል አይገባም፤ በቤተ መድኃኔዓለም የሚጠበቀው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል ወርቅነቱ ከዘመን ዘመን ሳይዝግ የሚቆይበት ምክንያትና በስልክ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን መጋጠሚያዎች በወርቅ የሚለበጡበት ምክንያት አንድ ነው። ኤሌክትሮኖቹን የሚነጥቀው የለም።

ሲኒውም የራሱ ጠላት አለው፤ እርሱም ከውስጡ አይመጣም። በጋው ሙሉ አቧራ ይጠጣል። ክረምቱ በከባድ ዝናብ ቢጀምር ይታጠባል፤ በካፊያና በጉም ሲጀምር ግን አቧራው ውስጥ ያለው ጨው ይርሳል፤ በሲኒው ገላ ላይ እንደ ሟሟ አሞሌ ያለ ስስ የአዮን መንገድ ይከፈታል፤ ኮረንቲው ሸክላውን ሳይነካ በላዩ ይሾልካል፤ አንዳንዴም ብልጭ ብሎ መስመሩን ይጥላል። ሲኒው እንደ ተደራረበ ጃንጥላ ጎድጎድ ያለ ሽንሽን የተሠራለት ለዚህ ነው። ሽንሽኑ ከሽቦው እስከ ምሰሶው ያለውን የገላውን መንገድ ያስረዝመዋል፤ ከሽንሽኑ በታች ያለውም ክፍል ካፊያ ሳይደርስበት ደርቆ ይቆያል።